ዳኛው ያልጠራው ክርን፦ በበረዶ ሆኪ ስለ አደገኛ ግጭት፣ ስለ አምበልና ስለ አሰላለፍ የሚነሳው ክርክር

ሜይ 5 ቀን 2025 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በቶሮንቶ ስኮሺያባንክ አሬና የሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ፣ የኤንኤችኤል፣ ሁለተኛ ዙር ጥሎ ማለፍ ተጀምሯል። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የፍሎሪዳ ፓንተርስ አጥቂ ሳም ቤኔት በቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ ግብ ፊት ሲያቋርጥ ክርኑ የበረኛውን የአንቶኒ ስቶላርዝን ጭንቅላት መታ። ከዳኞቹ እጁን ያነሳ አልነበረም። ስቶላርዝ ጥቂት ደቂቃ ግቡ ላይ ቆየ፤ ከዚያ ወደ ተጠባባቂዎች ወንበር ሄዶ አስመለሰው፣ በጆሴፍ ዎል ተተካ፣ ሆስፒታልም ተወሰደ።

ቶሮንቶ ያንን ጨዋታ 5 ለ 4፣ ተከታዩንም 4 ለ 3 አሸነፈ። ነገር ግን ከቀሩት አምስት ጨዋታዎች አራቱን ተሸነፈ፤ ሰባተኛውን በሜዳው 6 ለ 1 ተረትቶ ተሰናበተ። ቤኔት ግን አልታገደም፣ የገንዘብ ቅጣትም አልተጣለበትም። ጁን ላይ ፍሎሪዳ የስታንሊ ዋንጫን ሲያነሳ የጥሎ ማለፉ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመውን የኮን ስማይዝ ሽልማት የወሰደው እሱ ነው።

የደጋፊው ክርክር ወዲያው ሦስት ቦታ ተከፈለ። አንዱ ወገን ቆሻሻ ምት ነው፣ ሊጉ ለምን ዝም አለ ይላል። ሌላው በረኛው ሲመታ አምበሉ የት ነበር ብሎ ይጠይቃል። ሦስተኛው ጣቱን ወደ አሰልጣኙ ይቀስራል፤ የሚፈራ ሰው ለምን አላሰለፈም ይላል። የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት በቶሮንቶው ዳንፎርዝ ጎዳና አካባቢ ልጆቻቸው ሆኪ የሚከታተሉ ወላጆችም ይህን ጭቅጭቅ ሳይሰሙ አልቀሩም፤ ጨዋታው በእግር ኳስ ዓይን ሲታይ ግን ብዙው ነገር ግራ ያጋባል። ሦስቱ ጥያቄዎች እንደማይገናኙ ሆነው ይቀርባሉ። ሲጠኑ ግን አንዱ ሌላውን የሚጎትት ሰንሰለት ናቸው፦ ዳኛ ያልጠራውን ጥፋት ሊጉም ካልቀጣው ዕዳው አምበሉ ትከሻ ላይ ያርፋል፤ ከአምበሉም ወደ አሰልጣኙ የስም ዝርዝር ይሻገራል። ስለዚህ ማብራሪያው ከመጀመሪያው ቀለበት መነሳት አለበት።

የተፈቀደው ግጭትና የተከለከለው

በበረዶ ሆኪ ተጋጣሚን በአካል መግጨት የጨዋታው አካል ነው። ቦዲ ቼክ ይባላል። ዓላማው ፓክ የሚባለውን፣ በኳስ ምትክ የሚያገለግለውን ጠፍጣፋ የጎማ ዲስክ፣ ከያዘው ሰው ማስለቀቅ ነው። ንጹህ ነው የሚባለው ተገጪው ፓኩን ይዞ ወይም ገና ከመልቀቁ ሲመታ፣ ገጪው በትከሻው ወይም በዳሌው ሲጋጭ፣ ክርኑን ወደ ጎኑ ሰብስቦ ጫማውም ከግጭቱ በፊት ከበረዶው ሳይነሳ ሲቀር ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲጓደል ጥፋቱ የራሱ ስም አለው። ክርን ከተዘረጋ ኤልቦዊንግ፣ ሮጦ ወይም ዘሎ ከሆነ ቻርጂንግ፣ መከላከል የማይችልን ሰው ወደ ሜዳው አጥር በኃይል መግፋት ከሆነ ቦርዲንግ፣ የእግር ጉልበትን አውጥቶ መጥለፍ ከሆነ ኒይንግ ይባላል።

ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው ቦታውና ፍጥነቱ ነው። ሜዳው 61 ሜትር በ26 ሜትር ብቻ ነው፤ ዙሪያውን በጠንካራ ሰሌዳ ታጥሯል። 90 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሰው በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ እየተንሸራተተ ሲመጣ የሚወስንበት ጊዜ የሰከንድ ክፋይ ነው። ተገጪው ፓክ ለመቀበል ጎንበስ ካለ ደረቱ የነበረበት ቦታ ላይ ጭንቅላቱ ይገኛል። ረጅም ተጫዋች አጭሩን ሲገጭም ምንም ሳይዘል ትከሻው አገጭ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ብዙው ክርክር የሚወለደው ከዚህ ነው፤ አንዱ ደጋፊ ሐሳብን ይመዝናል፣ ሌላው ውጤትን።

ሕጉ ራሱ በአንድ ቦታ አልቆመም። በ2000 የኒው ጀርሲው አምበል ስኮት ስቲቨንስ የፊላደልፊያውን ኤሪክ ሊንድሮስን በትከሻው መንጋጋው ላይ ሲመታው በጊዜው ደንብ ጥፋት አልነበረም። ማርች 7 ቀን 2010 የፒትስበርጉ ማት ኩክ የቦስተኑን ማርክ ሳቫርድን ከማያይበት ጎን ጭንቅላቱ ላይ መታው። ኩክ አልታገደም፤ ሊጉ ይህን ዓይነት ምት የሚከለክል አንቀጽ የለንም አለ። ሳቫርድ ከወራት በኋላ ተመለሰ፤ በጃንዋሪ 2011 እንደገና ተመቶ ከዚያ ወዲህ በሊጉ አልተጫወተም። አንቀጽ 48 የሚባለው የጭንቅላት ምት ክልከላ የተወለደው በዚያ ምት ማግስት ነው። በመጀመሪያ ከጎንና ከማይታይበት አቅጣጫ የሚመጣን ምት ብቻ ይመለከት ነበር፤ ከ2011 ጀምሮ በየትኛውም አቅጣጫ ሰፋ።

ዛሬ አንቀጹ ሁለት ነገር አብሮ ይጠይቃል፦ ዋናው የግጭት ነጥብ ጭንቅላት ነበር ወይ? ሊቀር ይችል ነበር ወይ? ሁለተኛውን ለመመለስ ገጪው አካልን በቀጥታ ለመምታት ሞክሮ ነበር ወይስ አጉል ማዕዘን ይዞ ወይም ራሱን ወደ ላይ አንሥቶ ጭንቅላቱን ለቅሞ መታ የሚለው ይታያል። ተገጪው በመጨረሻዋ ቅጽበት አቋሙን ቀይሮ እንደሆነም ይመዘናል። ዓለም አቀፉ የበረዶ ሆኪ ፌዴሬሽን ከዚህ ይጠብቃል፤ በእሱ አስተሳሰብ ጭንቅላት ላይ ያረፈ ምት ንጹህ ሊባል አይችልም። በአውሮፓ ሊጎች ያደገ ተመልካች ኤንኤችኤልን ሲያይ የሚደነግጠው ለዚህ ነው።

በረኛን በተመለከተ ደግሞ የኤንኤችኤል ደንብ ግልጽ ነው። በረኛ ከግብ ክልሉ ወጥቶ እንኳ ቢገኝ እንደ ማንኛውም ተጫዋች አይገጭም። ስቶላርዝ ደግሞ በራሱ ክልል ነበር። በእኛ ግምት ያ ክርን ቢያንስ የ2 ደቂቃ ቅጣት (ጥፋተኛው ለዚያ ጊዜ ከሜዳ ወጥቶ ቡድኑ በአንድ ሰው ጎድሎ ይጫወታል) ይገባው ነበር፤ የቶሮንቶው አሰልጣኝ ክሬግ በሩቤም ከጨዋታው በኋላ ይህንኑ ብለዋል። ለእገዳ ይበቃል ወይ የሚለው ግን ከዚህ የተለየ ጥያቄ ነው፤ ደጋፊዎች ብዙ ጊዜ ሁለቱን ያደባልቃሉ።

ቪዲዮው ለምን አልታየም?

እግር ኳስን በሚከታተል ሰው አእምሮ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ ቫር የት ነበር የሚለው ነው። በእግር ኳስ ዳኛው ያላየው ቀይ ካርድ የሚያሰጥ ጥፋት ካለ ከቪዲዮ ክፍሉ ይነገረዋል። በኤንኤችኤል አሠራሩ በተቃራኒው ነው። ከ2019 የውድድር ዘመን ጀምሮ ዳኞች ሜጀር የሚባለውን የ5 ደቂቃ ቅጣት በቪዲዮ አይተው ማጽደቅ ወይም ማቅለል ይችላሉ። ነገር ግን መጀመሪያ ሜዳ ላይ መጥራት አለባቸው። ያልተጠራ ነገር ለምርመራ አይቀርብም።

ይህ ክፍተት ሁለት ውጤት አለው። ዳኞች ጥፋት እንዳለ ሲጠረጥሩ መጀመሪያ 5 ደቂቃ ብለው ይጠሩና ቪዲዮውን አይተው ወደ 2 ያወርዱታል፤ ይህ የተለመደ ዘዴ ሆኗል፣ መጥፎም አይደለም። ማንም ካላየ ግን መንገዱ ሁሉ ይዘጋል። በሜዳው ላይ ቅጣት የሚጠሩ ሁለት ዳኞችና ሁለት የመስመር ዳኞች አሉ፤ ተጫዋቾቹ በአንድ ጊዜ 12 ናቸው፣ ዓይን የሚከተለው ደግሞ ፓኩን ነው። ፓኩ ካለፈ በኋላ ወይም በግብ ፊት ግርግር መካከል የሚዘረጋ ክርን የሚያመልጠው ለዚህ ነው። በቤቱ ቴሌቪዥን የያዘው ተመልካች በ30 ሰከንድ ውስጥ በዝግታ ተደግሞ ያየዋል፤ ዳኛው ግን እስከ እረፍት አያየውም። ቁጣው ይህን ያህል የሚጋለውም ከዚህ ልዩነት ነው።

የደህንነት ክፍሉ እንዴት ይወስናል?

ከጨዋታ በኋላ ያለው ሥልጣን የተጫዋቾች ደህንነት ክፍል ነው። በ2011 ሲቋቋም የመራው የቀድሞው አጥቂ ብሬንዳን ሻናሃን ነበር፤ ከ2017 ጀምሮ በሥራ ዘመኑ በድብድብ የሚታወቀው ጆርጅ ፓሮስ ይመራዋል። (ሻናሃን ከ2014 እስከ 2025 የሜፕል ሊፍስ ፕሬዚዳንት ነበር፤ ኃላፊነቱ ያበቃው ክለቡ በፍሎሪዳ በተሸነፈ በቀናት ውስጥ ነው።)

ሂደቱ እንዲህ ነው። የክፍሉ ሠራተኞች ኒው ዮርክ ተቀምጠው እያንዳንዱን ጨዋታ በቀጥታ ይከታተላሉ። አጠራጣሪ ግጭት ሲያዩ ከየካሜራው ማዕዘን ያለውን ምስል ቆርጠው ለውሳኔ ሰጪዎቹ ያሰራጫሉ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ደንብ ተጥሷል ወይ የሚለው ነው። አዎ ከሆነ፣ ሜዳ ላይ ከተሰጠው በላይ ቅጣት ይገባዋል ወይ ይባላል። ከዚያ በኋላ ነው ጉዳትና የተጫዋቹ የቀድሞ ጥፋት የሚመዘኑት። ችሎት ከተጠራ ተጫዋቹ በስልክ ወይም በቪዲዮ ይቀርባል፤ በዚህ መንገድ የሚሰጠው እገዳ ከ5 ጨዋታ አይበልጥም። 6 ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል ተብሎ ከታሰበ በአካል የመቅረብ መብት ይሰጠዋል። እገዳ ሲወሰን ምክንያቱን የሚያስረዳ ቪዲዮ ይወጣል።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ችሎት ካልተጠራ ማብራሪያ የለም። ለታገደው ዝርዝር ምክንያት ይሰጣል፤ ላልታገደው ብዙ ጊዜ ዝምታ ነው። ደጋፊው ያንን ዝምታ በወገናዊነት ይተረጉመዋል። በስቶላርዝ ጉዳይ ክፍሉ ሊያነሳ የሚችላቸው መከራከሪያዎች ነበሩ። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሳም ራይንሃርት ጠንካራ ምት ጭምብሉን መትቶት ስለነበር ለሕመሙ የትኛው ምክንያት እንደሆነ በእርግጠኝነት መናገር ያስቸግራል። የክርኑ እንቅስቃሴ ሆን ተብሎ ነው ወይስ በሩጫ የመጣ የሚለውም ለሁለት ወገን የሚያከራክር ነው። እነዚህን በሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ማስረዳት ይቻል ነበር። ክፍሉ ይህን ልማድ ቢያደርገው ግማሹ ጥርጣሬ ይበርድ ነበር ብለን እናምናለን።

ወጥነትን የሚያናጋ ሌላም ምክንያት አለ፤ ይግባኝ። ከ5 ጨዋታ በላይ የታገደ ተጫዋች መጀመሪያ ለሊጉ ኮሚሽነር፣ ቀጥሎ ለገለልተኛ ዳኛ ማመልከት ይችላል። የዋሽንግተኑ ቶም ዊልሰን በ2018 ከውድድር ዘመኑ መክፈቻ በፊት በተደረገ ጨዋታ የሴንት ሉዊሱን ኦስካር ሱንድክቪስትን ጭንቅላቱ ላይ በመምታቱ 20 ጨዋታ ታገደ። ገለልተኛው ዳኛ ወደ 14 አወረደለት፤ ዊልሰን እስከዚያ ድረስ 16 ጨዋታ ተቀምጦ ነበር። ከባድ ቅጣት በይግባኝ እንደሚቀልል የሚያውቅ ክፍል በሚቀጥለው ጊዜ ከባድ ቅጣት ለመስጠት ማመንታቱ አይቀርም።

የገንዘቡ ስሌት

ደጋፊውን ከሁሉ በላይ የሚያበሳጨው በገንዘብ ቅጣት ዜና የሚደጋገመው 5,000 ዶላር የሚለው ቁጥር ነው። በሚሊዮን ለሚከፈለው ሰው ይህ ምንድን ነው ይላል። ጣሪያውን ያስቀመጠው ግን ክፍሉ ብቻውን አይደለም፤ የሊጉና የተጫዋቾች ማኅበሩ የጋራ ስምምነት ነው። በ2025 በነበረው ስምምነት የገንዘብ ቅጣት የተጫዋቹን የአንድ ቀን ደመወዝ ግማሽ ማለፍ አይችልም ነበር፤ ከዚያም በላይ በዶላር የተወሰነ ጣሪያ ነበረው።

እገዳ ከዚህ በጣም ይከብዳል፤ ስሌቱ ግን እንደ ታሪኩ ይለያያል። በዓመት 8 ሚሊዮን ዶላር የሚከፈለውን ተጫዋች እንውሰድ። ባለፉት 18 ወራት ካልታገደ በአንድ ጨዋታ የሚያጣው ደመወዙ ለውድድር ዘመኑ ቀናት፣ ማለትም ለ190 ገደማ ተካፍሎ ነው፤ ወደ 42,000 ዶላር ይመጣል። ደጋሚ ከሆነ በ2025 ለነበሩት 82 የመደበኛ ውድድር ጨዋታዎች ተካፍሎ ከ97,000 በላይ ይሆናል። ቤኔት በጃንዋሪ 2022 በጭንቅላት ምት 3 ጨዋታ ታግዶ ነበር፤ በሜይ 2025 ያ መስኮት ከተዘጋ ቆይቷል። ክፍሉ የእገዳውን ርዝመት ሲወስን ሙሉ ታሪኩን ማየት ይችላል፤ ለገንዘቡ ስሌት ግን 18 ወሩ ካለፈ ንጹህ ሰው ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመው የጥሎ ማለፉ ነገር ነው። ደመወዝ የሚከፈለው ለመደበኛው ውድድር ስለሆነ በጥሎ ማለፍ የታገደ ተጫዋች ከደመወዙ የሚቀነስ የለም። በዚያ ወቅት የሚያስፈራው ብቸኛ ቅጣት ሜዳ አለመግባት ነው። ክፍሉ ደግሞ የአንድ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ እገዳ ከመደበኛው ይከብዳል ብሎ ስለሚያስብ ለማገድ ያመነታል። ግጭቱ በሚከርበት ወቅት ቅጣቱ ይላላል ማለት ነው።

ዕዳው ወደ ተጫዋቾች ሲዞር

ያልተቀጣ ምት ምን እንደሚያስከትል ሆኪ ሁለት ጊዜ በግልጽ አይቷል። ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2004 የኮሎራዶው ስቲቭ ሙር የቫንኩቨሩን አምበል ማርከስ ናስሉንድን መታው። ዳኛ አልጠራውም፣ ሊጉም አልቀጣውም። የቫንኩቨር ተጫዋቾች እንበቀላለን የሚል ንግግር በይፋ ተናገሩ። ማርች 8 ሁለቱ ቡድኖች ተገናኙ፤ ኮሎራዶ እየመራ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የቫንኩቨሩ ቶድ ቤርቱዚ ሙርን ከኋላው እየተከተለ ለድብድብ ሊስበው ሞከረ። ሙር ዞር ባለማለቱ ማሊያውን ከኋላ ይዞ በቡጢ መታው፣ በበረዶው ላይ ወደቀበት፤ ሌሎችም ተከመሩባቸው። የሙር ሦስት የአንገት አጥንቶች ተሰበሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ በሊጉ አልተጫወተም። ቤርቱዚ በፍርድ ቤት ጥፋተኛነቱን አመነ፤ በሊጉ 20 ጨዋታ አመለጠው። ቫንኩቨር ጨዋታውን 9 ለ 2 ተሸነፈ።

ሁለተኛው የ2021 ነው። ሜይ 3 ቀን ቶም ዊልሰን በበረዶው ላይ በፊቱ የተደፋውን የኒው ዮርክ ሬንጀርሱን ፓቬል ቡችኔቪችን በቡጢ መታ፤ ቀጥሎ አርቴሚ ፓናሪንን በበረዶው ላይ ጣለው። ቅጣቱ 5,000 ዶላር ሆነ። ሬንጀርስ የደህንነት ክፍሉን ኃላፊ የሚነቅፍ መግለጫ ሲያወጣ ክለቡ 250,000 ዶላር ተቀጣ። ከሁለት ቀን በኋላ ሲገናኙ ገና ፓኩ እንደተጣለ ሦስት ጥንዶች በአንድ ጊዜ ለድብድብ ጓንታቸውን ጣሉ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው የ50 እጥፍ ልዩነት ተጫዋቾቹን ያስተማራቸው ነገር ሜዳ ላይ ታየ።

አምበሉ ምን እንዲያደርግ ነው የሚጠበቀው?

በሆኪ አምበሉ ደረቱ ላይ ሲ፣ ምክትሎቹ ኤ የሚል ፊደል ይለብሳሉ። በደንቡ ያላቸው መብት ጠባብ ነው፤ ስለ ውሳኔ ዳኛውን ማነጋገር የሚችሉት እነሱ ብቻ ናቸው። ከዚያ ውጪ ያለው ሁሉ ልማድ ነው፤ በልማዱ ደግሞ አምበል ለተመታው ጓደኛው ይነሳል።

ከኦገስት 2024 ጀምሮ የቶሮንቶ አምበል የሆነው ኦስተን ማቲውስ የተወቀሰው በዚህ ነው። ወቃሾቹ ነጥብ አላቸው፤ በረኛህ ሲመታ ምንም ካልተፈጠረ ተጋጣሚው ነገም እንደሚችል ይማራል። የሚሉትን ሲያደርጉት ግን ሒሳቡ ይህን ይመስላል። ድብድብ የጀመረ ተጫዋች ኢንስቲጌተር፣ ማለትም ጸብ አጫሪ፣ ተብሎ 2 ደቂቃ፣ ለድብድቡ 5፣ ከዚያም 10 ደቂቃ ይጨመርበታል። 17 ደቂቃ ከሜዳ ውጪ ነው፤ ጨዋታው በሙሉ 60 ደቂቃ ነው። ተጋጣሚው በ2ቱ ደቂቃ በቁጥር በልጦ ይጫወታል፤ በዚህ ሁኔታ በኤንኤችኤል ከአምስት ጊዜ አንዱ ገደማ ጎል ይሆናል። በ5 ለ 4 ባለቀ ጨዋታ ላይ ዋነኛ ጎል አግቢህን 17 ደቂቃ አስቀምጠህ ይህን መክፈል ለበቀል የሚከፈል ውድ ዋጋ ነው።

የዘገየ በቀልም አይጠቅምም። በዚያው ፍልሚያ አራተኛ ጨዋታ ቶሮንቶ 2 ለ 0 ተሸንፎ ሊያልቅ ሲል ማክስ ዶሚ የፍሎሪዳውን አምበል አሌክሳንደር ባርኮቭን ከኋላ ወደ አጥሩ ገፋው። 5,000 ዶላር ተቀጣ። ባርኮቭ በአምስተኛው ጨዋታ ተሰለፈ፤ ፍሎሪዳ 6 ለ 1 አሸነፈ። ባርኮቭ ራሱ ለክርክሩ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ዝምተኛ ነው፣ ለድብድብ አይታወቅም፣ የስታንሊ ዋንጫን ያነሳ የመጀመሪያው ፊንላንዳዊ አምበልም ነው። የሚከበረው የተጋጣሚን ዋና አጥቂዎች ከግብ ስለሚያርቅ ነው። የፍሎሪዳ ጭካኔና የአምበሉ ጸጥታ አብረው የሚሄዱት ሥራው ስለተከፋፈለ ነው፤ የማዋከቡን ሥራ ሌሎች ይዘውታል።

ሃያ ስም ብቻ

ክርክሩ ወደ አሰልጣኙ ሲደርስ አንድ ቁጥር ይረሳል። ለአንድ ጨዋታ የሚለብሱት 20 ናቸው፦ 12 አጥቂ በአራት መስመር፣ 6 ተከላካይ በሦስት ጥንድ፣ 2 በረኛ። ጤነኛ ሆኖ ከዝርዝሩ የቀረ ሰው ሲቪል ልብስ ለብሶ ከላይ ሆኖ ያያል። አንድ ተደባዳቢ ማስገባት ማለት አንድ ተጫዋች ማስቀረት ማለት ነው።

ተደባዳቢው ብዙ ጊዜ በአራተኛው መስመር በጨዋታ ከ10 ደቂቃ በታች ይጫወታል። የቀረው ጊዜ ለሌሎቹ ይከፋፈላል። ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ 45 ሰከንድ ገደማ ተጫውተው በሚቀያየሩበት ጨዋታ ላይ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ እግር የሚከብደው ከዚህ ነው። የሚያስፈራው ሰው የሚፈለገውን ሰው ማግኘቱም አጠራጣሪ ነው። ጨዋታው ሲቆም የመጨረሻውን ቅያሪ የማድረግ መብት የባለሜዳው ነው። ቤኔት በላይኛው መስመር ይጫወታል፤ የፍሎሪዳ አሰልጣኝ በሜዳው ሲሆን የቶሮንቶ አራተኛ መስመር ሲገባ ቤኔትን ማስቀመጥ ቀላሉ ነገር ነው።

ቶሮንቶ ይህን ዓይነት ተጫዋች አጥቶ አልነበረም። ራያን ሪቭስ በሊጉ ከሚፈሩት አንዱ ነበር፤ በዚያ ጥሎ ማለፍ ግን አልተሰለፈም። ኖቬምበር 2024 ሪቭስ ራሱ የኤድመንተኑን ዳርነል ነርስን ጭንቅላቱ ላይ መትቶ 5 ጨዋታ ታግዶ እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። ጓደኞቹን ይጠብቃል ተብሎ የገባ ሰው ራሱ ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል።

የበረኛው ቅያሪ ከዚህ የበለጠ ሊወራበት የሚገባ ነበር። ተጠባባቂ በረኛ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጦ ቀዝቅዞ ነው የሚገባው፤ ምት ሳይለማመድ፣ ጡንቻው ሳይሞቅ። ኮንከሽን፣ የአንጎል መናጋት ማለት ነው፣ የተጠረጠረበት በረኛ ደግሞ በሐኪም ሳይፈቀድለት አይመለስም፤ ምልክቱ በሰዓታት ውስጥ ሊጠፋ ወይም ሊዘገይ ስለሚችል አሰልጣኙ ለቀጣዩ ጨዋታ ዕቅድ ማውጣት አይችልም። በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ የሚመጣ ፓክን በዓይኑ መከተል ላለበት ሰው ትንሽ መፍዘዝ እንኳ ብዙ ነው። ዎል ስድስተኛውን ጨዋታ 2 ለ 0 ጎል ሳይገባበት አሸንፏል፤ በሰባተኛው ተሸንፏል። የቶሮንቶ ደጋፊዎች መቀበል የሚከብዳቸው ቁጥር ግን ሌላ ነው፦ ቡድኑ በመጨረሻዎቹ አራት ጨዋታዎች ያገባው 4 ጎል ብቻ ነው። የትኛውም በረኛ በዚህ ብዙ አይራመድም። የቤኔት ክርን በደል ነበር፤ የሽንፈቱ ሙሉ ማብራሪያ ግን አይደለም።

ምን ሊቀየር ይችላል?

ሦስት አመለካከት ይደመጣል። የመጀመሪያው ተጫዋቾች ራሳቸው ይተራረሙ ይላል፤ የሙር አንገት ለዚህ መልስ ሰጥቷል። ሁለተኛው ጭንቅላት የነካ ሁሉ ከሜዳ ይውጣ ይላል። ይህ ከልብ ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ ድክመቱ የሁለት ሜትር ተከላካይ ጎንበስ ያለን አጭር አጥቂ ሳያስበው ሲነካም መቅጣቱ ነው፤ የሐሳቡ ደጋፊዎች ግን ተጫዋቾች ከደንቡ ጋር ይለመዳሉ ይላሉ፤ ከ2010 በኋላ ከማይታይ ጎን የሚሰነዘር ምት እንደ ድሮው አለመወደሱን ለዚህ ያቀርባሉ። ሦስተኛው የሊጉ አቋም ነው፤ ያለው ደንብ በቂ ነው፣ እያንዳንዱ ጉዳይ ለብቻው ይመዘን።

ከእነዚህ ሁሉ በቀላሉ ሊሠራ የሚችለው ጠባብ ለውጥ ነው፦ በጭንቅላት ላይ ያረፈ፣ ያልተጠራ ምትን ጨዋታው በሚቀጥለው ጊዜ ሲቆም በቪዲዮ ማየት። ጎልን ለማረጋገጥ ሊጉ ከቶሮንቶ የሚመራ የቪዲዮ ክፍል አለው፤ ጨዋታ ሲቆም ውሳኔ የሚመጣበት መስመርም ተዘርግቷል። የሚፈራው የጨዋታው ፍሰት መቆራረጥ ነው። ይህ ፍርሃት መሠረት አለው፤ ስለዚህ ክልሉ በጭንቅላት ምትና በበረኛ ላይ በሚደርስ ጥቃት ብቻ መወሰን አለበት። በጥሎ ማለፍ ያለው የደመወዝ ክፍተትም በጋራ ስምምነቱ ድርድር ሊነሳ የሚገባ ነው፤ ለምሳሌ የጥሎ ማለፍ እገዳ በሚቀጥለው መደበኛ ውድድር ደመወዝ ላይ እንዲቆጠር።

ይህ የሚወሰነው ደጋፊው በሚጮህበት በሜይ አይደለም። የክለቦቹ ዋና ሥራ አስኪያጆች በየዓመቱ ማርች ላይ ተሰብስበው በደንብ ለውጥ ላይ ይመክራሉ፤ ሐሳቡ ከዚያ ተጫዋቾችም ወደሚወከሉበት የውድድር ኮሚቴ፣ ቀጥሎ ወደ ባለቤቶች ቦርድ ይሄዳል። ሳቫርድ በተመታበት ማርች ሥራ አስኪያጆቹ ቦካ ራቶን ፍሎሪዳ ተቀምጠው ነበር፤ የጭንቅላት ምት ክልከላው በወሩ ውስጥ ሥራ ላይ ዋለ።